ከተማ ስትፈርስ ማን ያለቅሳል?

“መጽሐፍ ቅዱስ ከሱመሮች የተገለበጠ ነው” ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አንዱ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ሲከራከሩ ይሰማዋል፤ ሌላው ስልኩ ላይ በሚያልፍ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያገኘዋል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ የጥፋት ውኃን ታሪክ ይጠቅስና “ከሙሴ በፊት ተጽፎ ነበር” ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ወጣት እናያለን። አንዱ ይደነግጣል፤ ጥያቄውን ለማንም ሳይናገር በልቡ ይዞት ይዞራል። ሌላው “የጠላት ወሬ ነው” ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። ሁለቱም ግን የሱመርን ጽሑፍ አላነበቡም። ብዙ ጊዜ ቪዲዮውን የሠራው ሰውም አላነበበውም።

እኛ ሦስተኛውን መንገድ እንሞክር፤ እናንብበው። የጥፋት ውኃውን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ብዙ ሰው ወደማያነሣው ነገር፣ ወደ ልቅሶ፣ እንሂድ። ሱመሮች ለፈረሱ ከተሞቻቸው ያወረዱት ረጅም ሙሾ አላቸው። የዕብራውያን ነቢያትም ለኢየሩሳሌም አልቅሰዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ መመሳሰላቸው ያስገርማል፤ ልዩነታቸው ግን የእምነታችንን ልብ የሚነካ ነው። ደግሞም “ይህ ቦታ ለምን ፈረሰ? ሰዎቹስ ለምን ሞቱ?” የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለዘነበወርቅና ለአካባቢዋ ሰዎች የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ወደዚያ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ሱመርና ዑር

ሱመር ዛሬ ደቡባዊ ኢራቅ በምንለው አገር፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የነበረች የከተሞች ምድር ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ያን አገር ሰናዖር ይለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ በዓለም ከታወቁት ጽሕፈቶች ቀዳሚው እዚያ ተጀመረ። ሱመሮች በብራና አይጽፉም ነበር። እርጥብ ሸክላ እየጠፈጠፉ፣ በተቀረጸ ሸምበቆ ጫፍ እየወጉ ይጽፉ ነበር። ሸክላው ሲደርቅ ይቆያል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ እንደ ጀበና ይጠነክራል። ስለዚህ ከተማን የሚያጠፋ ቃጠሎ አንዳንድ ጊዜ የከተማዋን ጽሑፍ ለእኛ ያቆይልናል።

ከከተሞቹ ታላቋ አንድ ወቅት ዑር ነበረች። ብዙዎች አብርሃም የወጣባት ዑር ይህች ናት ይላሉ (ዘፍ. 11፥31)። እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ዉሊ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1934 ድረስ ፍርስራሿን ቆፍሮ መቃብሮቿን፣ ቤቶቿንና የጨረቃ አምላክዋን የናናን ቤተ መቅደስ ለዓለም አሳይቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2112 ዓመት ገደማ ኡር-ናሙ የሚባል ንጉሥ በዚያ ነግሦ ሰፊ መንግሥት መሠረተ። በስሙ የተጻፈው ሕግ እስካሁን ከተገኙት የዓለም ሕጎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። በመግቢያው ላይ ንጉሡ ወላጅ የሌለውን ልጅ ለሀብታም፣ መበለቷንም ለኃይለኛ አሳልፎ እንዳልሰጠ ይናገራል። ይህን ነገር ያዙት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የኡር-ናሙ ሥርወ መንግሥት ከአንድ ምዕት ዓመት ትንሽ በላይ ቆየ። ከዚያ ረሃብና የወራሪ ጎሣዎች ግፊት አዳከመው። በ2004 ዓመት ገደማ ከምሥራቅ የመጡት ኤላማውያን ከተማዋን ሰበሩ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ኢቢ-ሲንም ተማርኮ ወደ ኤላም ተወሰደ።

ስለዚህ ውድቀት የተጻፈው ሙሾ ለረጅም ዘመን በአፈር ተቀብሮ ኖረ። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኒፑር በተባለችው የሱመር ከተማ ባካሄደው ቁፋሮ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ጽሑፎች ወጡ። የሙሾው ስብርባሪዎች አብዛኞቹ ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ዩክሬን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አይሁዳዊ ምሁር ሳሙኤል ኖህ ክሬመር ስብርባሪውን ከስብርባሪ እያጋጠመ ሙሾውን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመው። ከ400 መስመር በላይ አለው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያሉ አምስት የከተማ ሙሾዎች ይታወቃሉ።

የዑር ሙሾ ምን ይላል?

ሙሾው የሚጀምረው ጦርነቱን በመተረክ አይደለም። አማልክቱ አንድ በአንድ ከተሞቻቸውን ጥለው ሲሄዱ፣ በረታቸውን ለነፋስ ክፍት ትተው እንደሚጠፉ እረኞች አድርጎ ይዘረዝራቸዋል። ከተማ የምትወድቀው አምላኳ ሲተዋት ነው የሚል እምነት ነበራቸውና።

ከዚያ ኒንጋል ትነሣለች። የናና ሚስት፣ የዑር እመቤት የሚሏት አምላክ ናት። ወደ ታላላቆቹ አማልክት፣ ወደ አንና ወደ ኤንሊል ቀርባ ከተማዋ እንዳትጠፋ እያለቀሰች ትለምናለች። አይሰሟትም። ደግማ ትለምናለች። አሁንም አይሰሟትም። ኤንሊል ማዕበሉን ይጠራል። ሙሾው ጠላትን ሁሉ በዚያ ማዕበል ይመስለዋል፤ ይጮኻል፣ ያቃጥላል፣ ይጠርጋል። በዓል ይከበርባቸው የነበሩ ሰፋፊ ጎዳናዎች በሬሳ ይሞላሉ። ከጦር ያመለጠውን ረሃብ ይጨርሰዋል። እናት ልጇን ጥላ ትሄዳለች፤ አባት ከልጁ ፊቱን ያዞራል። ኒንጋልም ቤት እንደሌላት ሴት በፍርስራሹ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሰቆቃወ ኤርምያስን ክፈቱ። ብቻዋን የተቀመጠች፣ ሌሊቱን ስታለቅስ የምታድር ሴት ታገኛላችሁ። በየመንገዱ ጥግ በረሃብ የሚዝለፈለፉ ሕፃናት፣ በአደባባይ የወደቁ ወጣቶችና ሽማግሌዎች፣ በዓል የማይመጣባቸው መንገዶች አሉ። የሁለቱ ጥፋት ዘመን ግን ከ1400 ዓመት በላይ ይራራቃል፤ ባቢሎናዊው ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያቃጠለው በ586 ዓመት ገደማ ነውና።

“ለምን?” ለሚለው ጥያቄ ሱመሮች የሰጡት መልስ ምን ነበር? ስለ ሱመርና ስለ ዑር የተጻፈ ሌላ ሙሾ መልሱን በግልጽ ይዟል። ናና ወደ ኤንሊል ቀርቦ “ከተማዬ ምን አድርጋ ነው?” በሚል መንፈስ ሲማጸን፣ ኤንሊል በደል አይቆጥርም። ለዑር ንግሥና ተሰጥቷት ነበር፤ የዘላለም ንግሥና ግን አልተሰጣትም፤ ጥንትም ለዘላለም የቆየ መንግሥት የለም የሚል ነው መልሱ። በእኛ አነጋገር ተራዋ ደረሰ ማለት ነው። ቆይቶ የኤንሊል ልብ ይመለሳል፤ ከተማዋም እንድትታደስ ይፈቅዳል። ምክንያቱ ግን አልተነገረም።

ይህን ሙሾ አንናቀው። ከ4000 ዓመት በፊት አንድ ሰው የሞቱትን ሳይረሳ፣ በሞቱት ላይም ጣቱን ሳይቀስር አልቅሷል። የሚጎድለው ነገር አለ፤ ርኅራኄ ግን አልጎደለውም።

ሕዝቅኤል በልቅሶው አገር

አሁን ወደ ነቢያቱ እንምጣ። ሕዝቅኤል ካህን ነበር። ኢየሩሳሌም ከመቃጠሏ ከአሥር ዓመት ያህል በፊት፣ በ597 ዓመት፣ ከንጉሡ ከዮአኪን ጋር ከተማረኩት አንዱ ሆኖ ወደ ባቢሎን አገር ተወሰደ። የኖረው በኮቦር ወንዝ አጠገብ፣ ቴልአቢብ በተባለ መንደር ነው (ሕዝ. 1፥1፤ 3፥15)። እ.ኤ.አ. በ1893 ኒፑር ላይ የሙራሹ ቤተሰብ የንግድ ሰነዶች ሲገኙ የአይሁድ ስሞችና በዚያ አካባቢ የሚያልፍ “ካባሩ” የሚባል የመስኖ ቦይ ተጽፎባቸው ተገኘ። ምሁራን ይህን ቦይ የሕዝቅኤል ኮቦር ነው ይላሉ። አስቡት፤ ነቢዩ የተቀመጠው የዑር ሙሾ በተቀበረባት ከተማ አቅራቢያ ነበር።

በዚያ ዘመን የሱመር ቋንቋ በቤትና በገበያ መነገር ካቆመ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቤተ መቅደስ ግን አልሞተም። ግዕዝን ማንም በቤቱ ሳይነጋገርበት ዛሬም እንደሚዜምበት ሁሉ፣ የባቢሎን አልቃሽ ካህናትም ስለ ከተማና ስለ ቤተ መቅደስ ጥፋት የተደረሱ ልቅሶዎችን በሱመርኛ ያዜሙ ነበር። ይህ ልማድ ከሕዝቅኤል በኋላም ብዙ ምዕት ዓመታት ዘልቋል።

ልቅሶው ኢየሩሳሌም ድረስም ገብቶ ነበር። በሕዝቅኤል 8፥14 በእግዚአብሔር ቤት በር ተቀምጠው ለተሙዝ የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ። ይህ ተሙዝ ሱመሮች ዱሙዚ የሚሉት፣ በየዓመቱ ሞቱ የሚለቀስለት የእረኝነት አምላክ ነው። ነቢዩ ከሱመር የወረደውን ልቅሶ ያውቀዋል፤ በእግዚአብሔር ቤት ሲፈጸም አይቶም ርኵሰት ይለዋል።

ቀጥሎ ያለውን ራእይ በዚህ ዓይን አንብቡት። የእግዚአብሔር ክብር ከኪሩብ ላይ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መድረክ ይሄዳል (9፥3)። ከመድረኩ ወደ ምሥራቁ በር (10፥18-19)፣ ከዚያም ከከተማይቱ ወጥቶ በምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ ይቆማል (11፥23)። ከተማ ከመፍረሷ በፊት አምላኳ ይወጣል የሚለውን ነገር ባቢሎን ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ሕዝቅኤል ሰሚዎቹ በሚያውቁት ቋንቋ እየተናገረ ነው።

ታዲያ ተገለበጠ?

ሁለት ደብዳቤዎች አንሡ። ሁለቱም በሰላምታ ይጀምራሉ፤ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፤ “እኔ ደህና ነኝ” ይላሉ። አንዱ የሰርግ ጥሪ ነው፤ ሌላው የሞት መርዶ። “ሰላምታቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ተገልብጧል” የሚል ሰው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ አላነበበውም ማለት ነው። ሙሾም እንደ ደብዳቤ የታወቀ መልክ አለው። የፈረሰ ከተማ፣ የምታለቅስ ሴት፣ ባዶ ጎዳና፣ የተራቡ ልጆች በብዙ ሕዝቦች ልቅሶ ውስጥ አሉ፤ ጦርነት በየትም ቦታ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

ምሁራን ራሳቸው በጉዳዩ አንድ አይደሉም። ክሬመር ሰቆቃወ ኤርምያስ የሱመር ሙሾ ዘር ነው የሚል አስተያየት ነበረው። ዶብስ-ኦልሶፕ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ እስራኤል የራሷ የከተማ ልቅሶ ልማድ እንደነበራት ተከራክሯል። ኤርምያስ አልቃሽ ሴቶች እንዲጠሩ፣ ልጆቻቸውንም ልቅሶ እንዲያስተምሩ መናገሩ (ኤር. 9፥17-20) ይህ ሙያ በይሁዳ የተለመደ እንደነበር ያሳያል። እኛም አገር አልቃሽ የሙያ ስም ነው።

ስለዚህ ጓደኛችሁ “ይመሳሰላሉ” ቢላችሁ “አዎ፣ ይመሳሰላሉ” በሉት። እግዚአብሔር በሰዎች ቋንቋ ስለተናገረ ልንሸማቀቅ አይገባም። ቀጥላችሁ ግን “የሚለያዩበትንስ አይተኸዋል?” ብላችሁ ጠይቁት። ሦስት ነገሮች ልጥቀስላችሁ።

አንደኛ፣ ምክንያቱ። የዑር ሙሾ የከተማዋን በደል አይናገርም። እውነት ነው፣ ስለ አካድ ከተማ መረገም የሚናገር ሌላ የሱመር ጽሑፍ ምክንያት ይሰጣል፤ ንጉሡ ናራም-ሲን ኒፑር ያለውን የኤንሊልን ቤተ መቅደስ ስላፈረሰ ነው ይላል። በደሉ በቤተ መቅደስ ላይ የተፈጸመ ነው። አሁን ኤርምያስ 7ን አንብቡ። በዚያ ቤተ መቅደሱ አልተነካም፤ ሰዉ ይመላለስበታል፤ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ ይመካበታል። ነቢዩ ግን በዚያው ቤተ መቅደስ በር ቆሞ ስለ መጻተኛው፣ ስለ ድሀ አደጉና ስለ መበለቲቱ ይጠይቃል። ቤቱ የሚፈርሰው በእነርሱ ላይ በተሠራው ግፍና በጣዖቱ ምክንያት ነው። ኡር-ናሙም ስለ መበለትና ስለ ድሀ አደግ በሕጉ ጽፏል ብለን ነበር። ሱመር ፍትሕ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የዑር ሙሾ ግን የከተማዋን ውድቀት ከዚያ ጋር አያገናኝም። ነቢያቱ አገናኙት።

ሁለተኛ፣ የሚያለቅሰው ማን ነው? በሱመር ሙሾ ኒንጋል ታለቅሳለች፤ ሥልጣን ግን የላትም። ሥልጣን ያለው ኤንሊል ደግሞ አያለቅስም። በነቢያቱ መጽሐፍ የሚፈርደውና የሚያለቅሰው አንድ ነው። በኤርምያስ 8 እና 9 የነቢዩና የእግዚአብሔር ድምፅ ተቀላቅለው የትኛው እንደሚያለቅስ ለመለየት ያስቸግራል። በ14፥17 እግዚአብሔር ነቢዩን ዓይኑ ሌሊትና ቀን እንባ እንዲያፈስ፣ ይህንም ለሕዝቡ እንዲናገር ያዘዋል። በ48፥31 ደግሞ የሚለቀስላት ሞዓብ ናት፤ ጠላት አገር! ይህን ስታነቡ በደብረ ዘይት ቁልቁለት ወርዶ ከተማይቱን አይቶ ያለቀሰላትን ጌታ ታስባላችሁ (ሉቃ. 19፥41)። ኢየሱስ የሚመጣውን ፍርድ አልደበቀም፤ እንባውንም አልደበቀም።

ሦስተኛ፣ ቤቱ ሲፈርስ አምላኩ የት ይሄዳል? የሱመር አማልክት ከከተማቸው ሲወጡ ራሳቸው ስደተኛ ናቸው፤ ኒንጋል ቤት አልባ ሆና ትንከራተታለች። የሕዝቅኤል መጽሐፍ ግን የሚከፈተው ኢየሩሳሌም ላይ አይደለም። የእግዚአብሔር ክብር መጀመሪያ የታየው በኮቦር ወንዝ፣ በምርኮኞች ሰፈር ነው። በ11፥16 እግዚአብሔር ለተበተኑት እርሱ ራሱ በሄዱበት አገር ለጥቂት ጊዜ መቅደስ እንደሆናቸው ይናገራል። ከቤተ መቅደሱ የወጣው ሕዝቡ ወደ ተጣለበት ሄዷል።

ቆሼና ሰሊሆም

እስካሁን ያየነውን ይዘን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሠራው ሆስፒታል ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሊያክሙበት ከፈቱት፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት በዚያ ተመሠረተ። ከየገጠሩ ለሕክምና የመጡ፣ ቀዬአቸው መልሶ የማይቀበላቸው ሰዎች በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ። ሰፈሩ የተገፉ ሰዎች መጠጊያ ሆኖ አደገ።

እነዚያ ሰዎች ከበሽታው ይልቅ የቆሰሉት በምን ነበር? “እግዚአብሔር ረግሟቸው ነው” በሚለው ቃል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን “ለምጽ” የተባለው ሁሉ ሥጋ ደዌ እንዳልሆነ ዛሬ እናውቃለን። የሥጋ ደዌ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶታል፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። ነገር ግን የነቢያትን የፍርድ ቃል ወስዶ በታመመ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን ለብዙ ዘመን የኖረ ጭካኔ ነው።

ቆሼንም አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ቆሻሻ ተንዶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዘነበወርቅ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ከእናንተ መካከል የዘመድ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ያጣ ይኖራል።

ስለዚህ ጥፋት ምን እንበል? የሱመሩ መልስ “ተራቸው ነበር” ነው። እኛም ሳናውቀው እንለዋለን፤ “ዕድላቸው ነው” እንልና ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ከዚህ የባሰው ደግሞ ነቢያትን አጣሞ “ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው” ማለት ነው። ጌታ ኢየሱስ ይህን በሰሊሆም ጉዳይ ዘግቶታል። ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም፤ ንስሐ የሚጠየቁት ቆመው የሚሰሙት ናቸው (ሉቃ. 13፥4-5)።

ነቢያቱም ቢሆኑ ጣታቸውን ወዴት እንደሚቀስሩ ልብ በሉ። ሚክያስ ጽዮን እንደ እርሻ እንደምትታረስ ሲናገር በደለኛ የሚላቸው በጉቦ የሚፈርዱትን አለቆች፣ በዋጋ የሚያስተምሩትን ካህናት፣ በገንዘብ የሚያሟርቱትን ነቢያት ነው (ሚክ. 3፥9-12)። አሞጽ ወዮ የሚላቸው በዝሆን ጥርስ አልጋ ተጋድመው እየበሉ፣ እየጠጡና እየዘፈኑ ስለ ወገናቸው ስብራት የማያዝኑትን ነው (አሞ. 6፥4-6)። የፍርድ ቃላቸው በፍርስራሹ ሥር ወዳለው ድሀ ሳይሆን ፍርስራሹን እያየ ወደሚመገበው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ቆሼ ከነቢያት ጋር ስናስብ የምንጠይቀው “እነርሱ ምን አደረጉ?” ብለን አይደለም፤ “ሰው በቆሻሻ ክምር ሥር ሲኖር ከተማው እንዴት ዝም አለ? እኛስ ስንቴ አፍንጫችንን ይዘን አለፍን?” ብለን ነው።

አማኝ ያለቅሳል?

አንድ የቀረ ነገር አለ። እኛ ወንጌላውያን ሙሾ ትተናል። በቀብር ላይ እንዘምራለን፤ ይህ መልካም ምስክርነት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ዝማሬው ለማልቀስ ጊዜ የማይሰጥ ይሆናል። ልጇን ያጣች እናት ገና እንባዋ ሳይወርድ “በርቺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” እንላታለን። ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን ነው የጻፈው (1ተሰ. 4፥13)፤ አትዘኑ አላለም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን መካከል ሙሉ የሰቆቃ መጽሐፍ አለ። ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ የተገጠሙ ናቸው፤ ልቅሶው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ይሄዳል። መጽሐፉ የሚዘጋው በመልስ አይደለም፤ እግዚአብሔርን በሚጠይቅ ጸሎት ነው። መልስ ሳይመጣም መጽሐፉ የእግዚአብሔር ቃል ሆኖ ተቀምጧል።

ኤርምያስ የፍርድ ቃል ለመናገር የቻለው አልቅሶ ስለሚናገር ነው። ያላለቀሰለትን ሕዝብ ሊወቅስ የሚነሣ ሰው ነቢይ አይሆንም፤ ከሳሽ ይሆናል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የወጣቶች ኅብረት ፕሮግራማችሁ ይህን አድርጉ። ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 1ን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ሕዝቅኤል 10ን። ከዚያ የሰፈራችሁን ሐዘን አንሡ፤ ግጥም የሚችል ይግጠም፤ የማይችል የሚያውቃቸውን ሟቾች በጸሎት ያስብ። ምክንያት ለመስጠት አትቸኩሉ። “ከሱመር የተገለበጠ ነው” የሚለው ጓደኛችሁም ካለ ጥሩት፤ የዑርን ሙሾ ይዘት ንገሩትና የእኛን መጽሐፍ አብሯችሁ ያንብብ። ከክርክር ይልቅ ይህ ብዙ ያስተምረዋል።

በመጨረሻ ነህምያን አንብቡ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ብዙ ቀንም አዘነ (ነህ. 1፥4)። ሰዎችን ለግንባታ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው (ነህ. 2፥17)። ለሰፈራችን አንድ ነገር ለመሥራት የምትፈልጉ ወጣቶች ከዚያው ጀምሩ፤ መጀመሪያ ከሚያለቅሱት ጋር ተቀመጡ።